ጥያቄ ቁጥር ሰባት

ሰፈሩ ሳይፈርስ በፊት ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ወርጄ፣
እሪ በከንቱ ሒሳብ አስጠና ነበር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሄጄ።
ተማሪዬ እጥፍወርቅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል፣ የሚኒስትሪ ዓመት፤
ጉልበቷ ከጠረጴዛው ያልታረቀ፣ ክርክር የምትወድ ፍጥረት።

"ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ" ትለኛለች፣ "እውነት እንዲህ ያለ ሰው ነው?
አርባ ስምንት ብርቱካን ገዝቶ ለጎረቤት የሚያድለው?
ፒያሳ ላይ አንዱ ኪሎ ስንት እንደገባ አልሰማም?
ወይስ መጽሐፉን የጻፉት ገበያ ወጥተው አያውቁም?"

"ተዪው ብርቱካኑን" እላለሁ፣ "ቁጥሩ ብቻ ይበቃሻል፤
የማታውቂውን ኤክስ በዪው፣ ቀስ እያለ ይፈታል።"
"በራችን ላይም ኤክስ አለ፤ ወረዳ በቀይ ቀብቶታል።
እሱንስ ማን ይፈታዋል?"

ገጽ ገለጥኩ። ሌላ ምን ላድርግ።

መጽሐፉ አሮጌ ነበር፤ ጀርባው በፕላስተር ተይዟል፤
ከእሷ በፊት የያዘው ልጅ በየህዳጉ ሞነጫጭሯል፦
የኳስ ማልያ፣ ጺም የበቀለበት ዜሮ፣ የተሰረዘ ስሌት፣
እስከ ገጽ ስልሳ ሁለት።
ከዚያ ወዲያ ህዳጉ ነጭ ነው። እኔ ግን ልብ አላልኩም፤
በሰዓት የሚከፈለው አስጠኚ ህዳግ አያይም።

ጥያቄ ቁጥር ሰባት፣ ገጽ ስልሳ ሦስት፦
ወንድም እህቱን በአራት ዓመት ይበልጣታል።
ዕድሜያቸው ሲደመር ሃያ አራት ይሆናል።
ሀ. የእያንዳንዳቸው ዕድሜ ስንት ነው?
ለ. እህቲቱ ከስንት ዓመት በኋላ በዕድሜ ትደርስበታለች?

እርሳሷን ሳታነሳ፣ "አስርና አስራ አራት" አለች።
"ስሌቱን አሳዪኝ" አልኳት።
"ስሌት የለውም" አለች።

"እሺ፣ ይሄ 'ለ' ወጥመድ ነው፤ ፈተና ላይ ይመጣል።
እሷ ስታድግ እሱም ያድጋል፤ ልዩነቱ ባለበት ይኖራል።"
ጻፍኩላት፦ አስር ሲደመር ኤክስ፣
እኩል ይሆናል፣ አስራ አራት ሲደመር ኤክስ።
"አየሽ? ከግራም ከቀኝም ኤክሱ ሲቀነስ፣
አስር ከአስራ አራት እኩል ሊሆን ነው፤ ይሄ ደግሞ ውሸት ነው።
መቼም አትደርስበትም። 'መልስ የለውም' ነው መልሱ የሚባለው።"

ዝም አለች። ከድልድዩ በላይ አንድ የታክሲ ረዳት ይጣራል፦
"ፒያሳ! ፒያሳ! የቀረው አንድ ሰው! አንድ ሰው ይበቃኛል!"
ላጲሷን አነሳች። ቸኩላ አልነበረም፤
በቀኝ በኩል ያለውን ኤክስ ፈተገችው፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ፣
እፍ አለች፣ ብናኙ ጉልበቷ ላይ እስኪፈስ።

አስር ሲደመር ኤክስ፣ እኩል ይሆናል፣ አስራ አራት።

"በሱ በኩል ኤክስ የለም" አለች። "መልሱ አራት ነው ቲቸር።
መስከረም ላይ ደረስኩበት።
ለከርሞ ደግሞ እበልጠዋለሁ፤ እሱ ያን ጊዜ ምን ይለኝ ይሆን፣
ታላቁ ስሆን?"

ሽፋኑን ገለጥኩ። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሁለቴ የተሰመረበት፦
ቢተው ደጀኔ፣ 8ኛ ለ።
እሷም እጥፍወርቅ ደጀኔ ናት። ስንት ወር ሙሉ ሳላነበው፣
ስንት ወር ሙሉ ክንዴን አሳርፌበት።

የመልሱ ገጽ ከኋላ አለ፤ "ለ. መልስ የለውም" ይላል።
ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁ፤ በቀይ በዚያ ሰፈር ብዙ ተጽፏል።
ራይት አደረግሁላት። መስመሩ ትንሽ ጠመመብኝ።
"ነገ ቁጥር ስምንትን" አልኩ፤ ሌላ የሚባል ጠፋኝ።

ድልድዩ ላይ ታክሲ ያዝኩ፤ ለሦስት ሰው ወንበር አራተኛ።
ስንጠጋጋ ቦታ ተገኘ፤
ይህን ማካፈል ያውቀዋል፣ የአዲስ አበባ መንገደኛ።
ድፍን ብር ዘረጋሁ። ረዳቱ ኪሱን ዳበሰና፣
"መልስ የለኝም ጌታው" አለ፣ "ዝርዝር ካለህ ፈልግና።"
"እኔም የለኝም" አልኩት።
ታክሲው ወደ ፒያሳ ሽቅብ አቃሰተ፤ መብራት አልመጣም ነበር ገና።